የጋሽ ደርዘን ጉድለት

ጋሽ ደርዘን ያልቆጠረው ነገር ቢኖር የራሱን ሽበት ነው፤ እሱንም መስታወት ፊት ብዙ ስለማይቆም እንጂ አይምረውም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የአንድ ሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲኖር መቁጠር ከእጁ አልፎ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ደረጃ ሲወጣ ይቆጥራል። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ የወለሉን ሸክላ ይቆጥራል። ሚስቱ ስትቆጣው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ከሰማት በኋላ «የዛሬው አራተኛሽ ነው» ይላታል፤ በዚህም አምስተኛውን ይጠራል። ስሙን ያወጡለት የላውንደሪ ሴቶች ናቸው። «ስንት ፎጣ ቀረ?» ሲሉት እንደ ሰው «ሠላሳ» አይልም፣ «ሁለት ደርዘን ተኩል» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም የደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ቀረ።

መጋዘኑ ከሆቴሉ ጀርባ ነው፤ ከላውንደሪው ጋር በአንድ ግድግዳና በአንዲት ትንሽ መስኮት ይገናኛል። አንሶላው እጥፋቱ ወደ ውጭ ሆኖ አምስት አምስት ተደርጎ ይደረደራል። ሳሙናው ታች ነው፣ ሽታው ፎጣ ላይ እንዳይጋባ። አምፖሉ ላይ ነው፣ ክርን እንዳይነካው። በየመደርደሪያው በሲባጎ የተንጠለጠለ ካርድ አለ፤ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ ሁሉም በእሱ ደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት። እርሳሷ ራሷ እንዳትጠፋ በክር ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ታስራለች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ኦዲተር መጥቶ ቆጥሮ ሄደ፤ አንድ ቀን ጉድለት አልተገኘበትም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ማንኪያ ተርፋ ተገኘች። ያቺ ማንኪያ ሳምንት ሙሉ እህል አላስበላችውም።

ቤቱ ሦስት ሰው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ውስጥ በመኪናዋ ትሰፋለች፤ ከመቀስዋ ምላስዋ ይብሳል ይሏታል፣ እሷም አትክድም። አንዲት ልጃቸው ከሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መንገዱ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላት። አባትየውም ሲኮራባት «ቲቸር» ይላታል፤ ሲናደድባትም «ቲቸር» ይላታል። ልዩነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ሆቴሉ ባለቤት ሲቀይር ነው። አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከውጭ አገር መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ ፈገግ የምትል ሴት። አማርኛ የተማረችው ከአልጋ አንጣፊዎቹ ሴቶች ስለሆነ «አንቺ» እንጂ «አንተ» የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም። መጀመሪያ ቀን ጋሽ ደርዘንን ባገኘችው ጊዜ ጥርሷን ፈልቅቃ «አንቺ ደህና ነሽ?» አለችው። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጢሙ እስከ ጉንጩ ነው። ምን ይበል? «ደህና ነኝ» አለ፣ ዙሪያውን ማን እንደሰማ እያየ። የላውንደሪ ሴቶች ሰምተዋል። ሳምንት ሙሉ «አንቺ ደርዘን» ሲሉት ከረሙ።

ይቺ ሴት መጀመሪያ ያወጣችው ትእዛዝ የዕቃ ግዢ ጥያቄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይጻፍ የሚል ነው። ጋሽ ደርዘን እንግሊዝኛ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ቃላት ያውቃል። ሳሙና ያውቃል፣ ፎጣ ያውቃል፣ አምፖል ያውቃል። ዕቃ የሆነውን ሁሉ ያውቃል፤ በዕቃና በዕቃ መካከል ያለውን ነገር ነው የማያውቀው። ልጁ «አባዬ፣ ስትጽፍ አሳየኝ» ብላው ነበር። «ዝርዝር መጻፍ ምን ትምህርት ይፈልጋል፣ ቁጥርና ስም አይደለም እንዴ?» አላት።

የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ካውያ ነበረበት። የላውንደሪው ካውያዎች አርጅተው፣ ግማሹ ሸሚዝ ያቃጥላል፣ ግማሹ አልሞቅም ብሏል። የላውንደሪዋ ኃላፊ፣ እትዬ እንፋሎት የሚሏት ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ «ሃያ ካውያ ካልመጣልኝ እንግዶቹን እንደተጨማደዱ ነው የምሸኛቸው» ብላ ፎከረች። ጋሽ ደርዘን የኪስ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። ካውያ፦ አይረን። ጻፈ፦ «ሃያ አይረን»። ሃያውን በአኃዝ፣ አይረኑን በሚያምር እጅ ጽሕፈት። ፈረመ፣ ማኅተም መታ፣ ላከ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ረጅም የጭነት መኪና እየተገፋፋ ግቢውን ሞልቶ ገባ። ሃያ የግንባታ ፌሮ። እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ሜትር። አቅራቢው ከመርፌ እስከ ድልድይ የማይሸጠው የለም፤ ሃያ ብረት ተባለ፣ ሃያ ብረት አመጣ። እትዬ እንፋሎት ከላውንደሪ ወጥታ ፌሮውን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ጫፉን አየችው፣ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ሶኬቱ የት ጋ ነው?» አለችው። በቃ፣ ያን ቀን ሥራ የሠራ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጇም ከመስኮቷ አይታ ፈገግ አለችና አንድ ነገር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ጋሽ ደርዘን ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ያቺን ጽሑፍ ነው ያየው።

ቤት ሲደርስ ነገሩን ለልጁ ከመንገር ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ ወሬው ቀድሞት መንገድ ተሻግሯል።

«ኤስ ነው የጎደለህ አባዬ» አለችው። «ያለ ኤስ ብረት ነው፣ በቁሙ ብረት፣ አይቆጠርም። ኤስ ስትጨምርበት ካውያዎች ይሆናል።»

«ሃያ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ! ሃያ ካልኩ ብዙ መሆኑ አይታወቅም? ‹ሃያ ሰው መጣ› ይባላል እንጂ ሰው ላይ ምን ይለጠፋል? ቁጥሩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ኤስ ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?»

«በእነሱ ቋንቋ ቁጥሩ ብቻውን አይታመንም።»

«እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ ሕዝብ!» አለ ጋሽ ደርዘን።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ነገር ማሳጠር ታውቅበታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ከቤትህ አስተማሪ ተቀምጣ አንተ ፌሮ ታስጭናለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተር ይዘህ ትቀመጣለህ። አለቀ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ደርዘን አዲስ ደብተር ገዝቶ፣ ገጾቹን ቆጥሮ፣ ልጁ ፊት ተቀመጠ። ልጅቱ በክፍሏ ሃምሳ ስድስት ተማሪ ጸጥ የምታሰኝ ናት፤ አባቷን ግን ገና ስታየው ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ርእሱን አነበበች፦ የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞች።

«የማይቆጠር ነገር የለም» አለ ጋሽ ደርዘን፣ ገና ከመጀመሩ። «ሰነፍ ቆጣሪ ነው ያለው።»

«በእንግሊዝኛ አለ። ለምሳሌ ዳቦ አይቆጠርም።»

«ዳቦ? ትናንት አምስት ገዝቼ ሁለቱን የበላሽው አንቺ አይደለሽም?»

«በእነሱ አይቆጠርም። ፀጉርም አይቆጠርም።»

«ይሁን፣ እሱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ። ሌላስ?»

«ዜና። ኒውስ። መጨረሻው ላይ ኤስ አለው፣ ግን ብዙ አይደለም፤ አይቆጠርም።»

ጋሽ ደርዘን እርሳሱን አስቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ። ሃያ ካውያ ኤስ አነሰው ተብሎ አገር ሳቀብኝ። አሁን ደግሞ ኤሱን ይዞ ቢመጣም ብዙ አይደለም?»

«አባዬ፣ እኔ አልፈጠርኩትም! ምክርም አይቆጠርም።»

«ይሄስ እውነት ነው» አለች ሚስትየው ከወዲያ። «እኔ የመከርኩትን ማን ቆጥሮት ያውቃል?»

«ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ!» አለ ጋሽ ደርዘን ሳይዞር። «ቀጥዪ።»

«ፈርኒቸር አይቆጠርም።»

እዚህ ላይ ተነሣ። ይሄ ሥራው ነው፣ ይሄ ክብሩ ነው። «መጋዘኔ ውስጥ ሰማንያ አራት ወንበር አለ! ሠላሳ አንድ ጠረጴዛ አለ!»

«ወንበር ይቆጠራል። ጠረጴዛም ይቆጠራል። ፈርኒቸር ነው የማይቆጠረው።»

«ወንበር ፈርኒቸር አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ...» ልጅቱ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። አንድ ቃል ቀርቷት ነበር፤ መናገር አልነበረባትም፤ ግን አስተማሪ ናትና ምሳሌ ጀምራ አትተውም። «ገንዘብም አይቆጠርም።»

ጋሽ ደርዘን አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ልጁን አየ። «ለዚህ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሳይቆጥሩ የሚያጠፉት።»

እናትና ልጅ ከዚያ ወዲያ አልቻሉም። እናትየው ስፌቱ ላይ ተደፋች፤ ልጅቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ያን ሳምንት ሙሉ ሲሳቅበት ለከረመ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ ከገዛ ልጁ አፍ ሲመጣ ሌላ ነው። ጋሽ ደርዘን ደብተሩን ከደነ። «ሁለተኛ አንዲት ቃል ብጠይቅሽ ምላሴን ይቁረጠው፣ ቲቸር» አለና ወጣ። የትኛው «ቲቸር» እንደሆነ ልጅቱ ገባት፤ ሳቋም ጠፋ። ተከትላው ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችው። «ምንም አላደረግሽም» አላት። ምንም አላደረግሽም የሚል አባት ከተቆጣ አባት ይከብዳል።

ወር አለፈ። ሥራ አስኪያጇ ሠራተኛውን ሁሉ ልትገመግም ነው ተባለ። ለያንዳንዱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የሚቆየው ይቆያል፣ የማይሆነው ይተካል። የእንግዳ መቀበያው ሽማግሌ ተተክቷል። አትክልተኛውም። ጋሽ ደርዘን ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ማን መጋዘን ያስረክበዋል? የተረፈ ዕቃ ለቅሞ በር ላይ ይቀመጥ? ደግሞስ የእህሉ ነገር ብቻ አይደለም። ያ ክፍል ልቡ ነው። ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር የሚሰማው የአዲስ ፎጣ ሽታ ነው ሰው የሚያደርገው።

ደብዳቤው አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በታሸገ ፖስታ መጣ። ያመጣችው ጸሐፊዋ ናት። ጸሐፊዋ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ግን ለእሷ ማስነበብ ማለት ለወጥ ቤቱ ማስነበብ ነው። ጋሽ ደርዘን ከትራሶቹ ኋላ ሄደ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠ፣ መዝገበ ቃላቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ቃል በቃል ማውጣት ጀመረ።

«ዜር ኢዝ ሊትል ሪዝን ቱ ሪፕሌስ ዘ ስቶርኪፐር። ሂ ሜክስ ፊው ሚስቴክስ።»

ሊትል፦ ትንሽ። ሪዝን፦ ምክንያት። ሪፕሌስ፦ መተካት። ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ቢሆንም ሥራውን አላቋረጠም፣ የጀመረውን ቆጠራ የማያቋርጥ ሰው ነው። ፊው፦ ጥቂት። ሚስቴክስ፦ ስሕተቶች። ኤሷንም አያት፤ ኤስ አላት፤ ብዙ ናቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ሲያነባቸው እንዲህ ሆኑ፦ «የመጋዘን ኃላፊውን ለመተካት ትንሽ ምክንያት አለ። ጥቂት ስሕተቶች ይሠራል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ከዚያ በታች ሌላ ሁለት መስመር ነበረ፤ ጋሽ ደርዘን አላነበበውም። ዓይኑ አልታዘዝ አለው። ትንሽም ብትሆን ምክንያት ምክንያት ናት፤ በር ለመዝጋት ትልቅ ቁልፍ አያስፈልግም። ትራሶቹ መሃል ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና አንድ ነገር ቆረጠ፦ «ውጣ» ሳይሉኝ እወጣለሁ።

የራሱን ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀበት። መልቀቅ፦ ሊቭ። ጥቂት ቀን፦ ፊው ደይስ። ዕቃውን ለማስረከብ ጥቂት ቀን ቆይቼ መልቀቅ እፈልጋለሁ ለማለት ፈልጎ፣ ወረቀቱ ላይ ያረፈው «አይ ዎንት ሊቭ ፊው ደይስ» የሚል ነው። ታችኛው ላይ ፈረመ፣ ይዞት ሄደ።

ሥራ አስኪያጇ አነበበችው። ፊቷ በራ። በሉ እንግዲህ፣ የሰው ልጅ እንጀራውን ሲለቅ ፊቱ የሚበራ አለቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ጎበዝ!» አለች። ሦስት ጣቷን አነሣች። «ሦስት ቀን! እሺ አንቺ! ሂጂ!» ብላ ፈርማ ማኅተሙን ደለቀችው። ጋሽ ደርዘን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የሰማው ይሄው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሦስት ጣት።

ሦስቱን ቀን ቆጠረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፉን ወርውሮ ይሄዳል፤ እሱ ግን የሚረከበው ሰው «ይሄ ጎደለ» እንዳይል ከአንሶላው እስከ ጥርስ መጎርጎሪያው አንድ በአንድ አወረደ፣ ቆጠረ፣ መለሰ። እትዬ እንፋሎት በመስኮቷ «ምን ሆነህ ነው መጋዘን የምትገለብጠው?» ስትለው «አቧራ ልጠርግ ብዬ ነው» አላት። አቧራ ደግሞ በዚያ መጋዘን ኖሮ አያውቅም።

ቤትም ለማንም አልነገረም። ሚስቱ ዳቦ አቀረበች፤ ሳይቆጥር በላ። እሷ መቼም የሚያልፋት ነገር የለም። «ታመሃል?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አላት። እራት ላይ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። ክርኗ ክርኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። ደብዳቤው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፣ ሁለት ጊዜ ባዶውን ተመለሰ። ልጅቱ ቀና ብላ «ምን ፈለግክ አባዬ?» አለች። «ጨው» አላት። ጨው ፊቱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ቆጠራው አለቀ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አሥራ አራት ገጽ፣ ጉድለት የለም። የመጨረሻውን ገጽ ሲፈርም ሥራ አስኪያጇ አንድ ትራስ ልትወስድ ገባች። ስታየው ክው አለች።

«አንቺ!» አለች። «አንቺ ቤት! ቤት ሂጂ!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» አለ ጋሽ ደርዘን፣ ሦስት ቀን የታፈነው ሁሉ ገንፍሎ። «ያዢ ቁልፉን፣ ልሂድልሽ!» ቁልፉን እጇ ላይ አደረገ።

«ኖ! ቁልፍ አንቺ!» መለሰችለት።

«አልፈልግም! ያንቺ ነው!»

«ያንቺ!»

«ያንቺ!»

እንዲህ ሲገፋፉ ሃያ ሁለት ቁልፍ የያዘው ቀለበት እንደ ቃጭል ይንሿሿል። ጋሽ ደርዘን መርሮት ነበርና የማትሰማውን ቋንቋ አወረደባት። «ሃያ ስድስት ዓመት! ሁለት ስሕተት! አንዲት ማንኪያና አንዲት ኤስ! ለዚህ ነው? ትንሽ ምክንያት አለ ብለሽ የምትጽፊው ለዚህ ነው? ሰው እንዲህ በትንሽ ይጣላል?» ሥራ አስኪያጇ ከሁሉም ውስጥ «ማንኪያ» የምትለዋን ብቻ ነው የያዘችው፤ ግራ ገብቷት ማንኪያ ፍለጋ ዙሪያዋን አየች።

እትዬ እንፋሎት በመስኮቷ ሁሉንም ሰምታለች። ወፍራም ናት ብያለሁ፤ ያን ቀን ግን መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች ማንም አላየም። ክፍል በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ አባትሽ ካለቃው ጋር ቁልፍ ይጋፋል!» አለች። ልጅቱ ጠመኔውን እንኳ አላስቀመጠችም።

መጋዘኑ ስትደርስ አባቷ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጧል፣ ሥራ አስኪያጇ ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣለት አጠገቡ ቆማለች። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ለልጁ ሰጣት። አነበበች። እንደገና አነበበች።

«አባዬ፣ ይሄ ምን የሚል መሰለህ?»

«ትንሽ ምክንያት አለ፣ ጥቂት ስሕተት ይሠራል ነው የሚለው። አውቄዋለሁ። አትድከሚ።»

«ኤ የለችም እኮ!» ብላ ጮኸች። «እያት፣ ሊትል ፊት ኤ የለችም! ኤ ብትኖር ነው ትንሽ አለ ማለት። ጥቂት ግን የሚበቃ። ኤ ከሌለች የለም ማለት ይቀላል፤ ከቁጥር የማይገባ ማለት ነው። ፊውም እንደዚያው። ‹ኤ ፊው› ካልክ ጥቂት አለ፤ ‹ፊው› ብቻ ካልክ የለም በለው። አንተን የሚተኩበት ምክንያት የለም ነው የምትልህ! ስሕተት አይሠራም ለማለት ምንም አይቀረው ነው የምትልህ! ከታች ያለውን አላነበብከውም? በአዲሱ ባለቤት ሥር ያሉትን የሌሎች ሆቴሎች መጋዘን ሠራተኞች አንተ አስተምራቸው ነው የምትለው!»

ጋሽ ደርዘን ወረቀቱን ተቀብሎ ሊትል ፊት ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ ነካ። «አንዲት ኤ?» አለ።

«አንዲት ኤ።»

«እሺ እኔ የጻፍኩትስ? መልቀቂያዬን ሳቅ ብላ ነው እኮ የፈረመችው!»

ልጅቱ በእንግሊዝኛ ብትጠይቃት ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ከመዝገቧ አመጣች፣ ለምን ደስ እንዳላትም ነገረቻት። ልጅቱ አየችው፤ የዛሬው ሳቋ ከቅዳሜው ይብስ ነበር፤ አባቷን አየችና ዋጠችው። «አባዬ፣ ‹ሊቭ› ፊት ‹ቱ› ብታስገባ መልቀቅ ነበር። ያለ ‹ቱ› የዓመት ፈቃድ ነው። ጥቂት ቀን እረፍት ስጪኝ ነው ያልካት። እሷም ሦስት ቀን ሰጠችህ። ‹በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እረፍት ያልጠየቀ ሰው ጠየቀኝ› ብላ ነው ደስ ያላት።»

ነገሩ ሁሉ ለሥራ አስኪያጇ ሲነገራት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ «አንቺ ይቅርታ፣ አንቺ በጣም ይቅርታ» እያለች ጋሽ ደርዘንን አቀፈችው። በትንሿ መስኮት አራት የላውንደሪ ሴቶች ተደርድረው እልልታ ለቀቁ። ሥራ አስኪያጇ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አንድ ነገር ለልጅቱ አለች።

«ምን አለች?»

«ሦስቱ ቀን ግን ከእረፍትህ ተቆጥሯል፣ መመለስ አይቻልም አለች።»

«ትክክል ናት» አለ ጋሽ ደርዘን። «የተቆጠረ ተቆጠረ ነው።» በልቡም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዳት።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቱ ሌላ ካርቶን ስባ ተቀመጠች። የጠመኔ ብናኝ እስከ ክርኗ ነው።

«ያን ቅዳሜ ብትታገሠኝ ኖሮ ቀጣዩ ገጽ ይሄ ነበር» አለች።

«ኤስ፣ ኤ፣ ቱ። ሦስት ጉድለት» አለ ጋሽ ደርዘን። «ኦዲተር ቢሰማ ያስረኛል።»

«አትቀልድ አባዬ። ሦስት ቀን ራስህን ከሥራ አባርረህ አጠገቤ እራት በላህ። ‹አንብቢልኝ› ብትለኝ ምን ነበረበት? በሳቄ ተቀይመኸኝ ነው?»

ጋሽ ደርዘን ቁልፎቹን አንድ በአንድ በቀለበቱ ላይ አዞራቸው። «ቅያሜ አይደለም። ፈራሁሽ» አላት። «አባትሽ አይረባም የሚል ወረቀት አንቺው ራስሽ እንድታነቢልኝ አልፈለግኩም። ከማንም አፍ ልስማው፣ ካንቺ አፍ ግን ፈራሁ።»

ልጅቱ ጠመኔዋን ጉልበቷ ላይ እያንከባለለች «እኔም እፈራህ ነበር» አለች። «ልጅ ሆኜ። ዘጠና ስምንት አምጥቼ እየሮጥኩ መጥቼ በራችን ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ምን እንደምትለኝ አውቃለኋ። ካርዱን ትቀበለኝና ‹ሁለቱስ የት ሄዱ?› ትለኛለህ። ሁልጊዜ። አንድ ቀን ዘጠና ስምንቱን አላየሃቸውም። አስተማሪ ሆኜም፣ አሁንም ድረስ፣ እነዚያን ሁለቱን እየፈለግኩ ነው አባዬ።»

ጋሽ ደርዘን ያስታውስ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። አስታወሰ። ካርዱን አስታወሰ፣ በሩን አስታወሰ፣ ያቺ ሕፃን ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ፊቱን ስታይ አስታወሰ። ቀልድ ይመስለው ነበር እኮ! እጁን ዘርግቶ ጠመኔ የለበሰ እጇን ያዘ።

«ተያቸው» አላት። «አትፈልጊያቸው ልጄ። ፊው ናቸው።»

«ምን?»

«ፊው» አለ ጋሽ ደርዘን፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ። «ያለ ኤ።»